ከሞት ማዶ የመጡ ደብዳቤዎች

(ምስል፦ ቪልኒየስ፣ ሊትዌኒያ። ጫማ ደረቱ ላይ ይዞ ሽቅብ የሚመለከት የሕፃን ሐውልት።)

ተራኪ፦ ይህ ልጅ ሮማን ካሴው ነው። ለሚወዳት ልጅ ስል የላስቲክ ጫማ በላሁ ብሎ ጽፏል፤ የትውልድ ከተማውም ከነጫማው አቆመችው። ዓለም የሚያውቀው ግን ሮማን ጋሪ በሚለው የብዕር ስሙ ነው። “ጋሪ” በሩሲያኛ “ንደድ” ማለት ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። እናቱ ሚና ባርኔጣ እየሠራች ብቻዋን አሳደገችው። በ1928 ይዛው ፈረንሳይ፣ ኒስ ከተማ ገባች። “ልጄ ጀግና፣ ዲፕሎማት፣ ታላቅ ደራሲ ይሆናል” ስትል ጎረቤት ሳቀባት።

ሦስቱንም ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከነፃ ፈረንሳይ አየር ኃይል ጋር ተዋጋ። በሎስ አንጀለስ የፈረንሳይ ቆንስል ጄኔራል ሆነ። በ1956 ለአፍሪካ ዝሆኖች ስለሚሟገት ሰው በጻፈው “የሰማይ ሥሮች” የጎንኩርን ሽልማት አገኘ።

(ምስል፦ የኒስ ባሕር ዳርቻ፣ ማለዳ። ሙዚቃው ዝግ ይላል።)

ተራኪ፦ በአንባቢ ልብ ተተክሎ የቀረው ግን በ1960 የወጣው “የንጋት ቃል ኪዳን” ነው። በዚያ መጽሐፍ፣ ልጅ ጦር ሜዳ ሳለ የእናቱ ደብዳቤ አይቋረጥበትም። ቀን አይጻፍበትም። በርታ ይላል። ኒስ ነፃ ወጥታ፣ ልጅ ሜዳይ ደረቱ ላይ ደርድሮ ሲመለስ እናት የለችም። ካረፈች ከሦስት ዓመት በላይ ሆኗታል። ሞቷ መቅረቡን ስታውቅ 250 ያህል ደብዳቤ አከታትላ ጽፋ፣ በየጊዜው እንድትልክለት ስዊዘርላንድ ላለች ወዳጇ አደራ ሰጥታ ነበር። ልጇ ያለ እናት እንዳይዋጋ።

(ጸጥታ።)

ተራኪ፦ ትረካችን እዚህ ላይ እንዲያበቃ አስበን ነበር። የሕይወት ታሪኩን ያጠኑ ጸሐፊዎች ግን ሌላ ይላሉ። ሚና ያረፈችው በፌብሩዋሪ 1941 ነው። መርዶውም ልጇ ዘንድ የደረሰው ገና በጦርነቱ መሃል ነው። 250ዎቹ ደብዳቤዎች አልነበሩም።

ታዲያ ዋሸን? እንዲህ ለማለት አንደፍርም። መርዶን በባዕድ አገር የሰማ፣ እናቱን በእጁ ያልቀበረ ልጅ፣ እሷን በሕይወት የሚያቆይበት አንድ ስፍራ ብቻ ነበረው፤ ወረቀት።

(ምስል፦ ፓሪስ፣ 1975። የጋዜጣ ርዕሶች።)

ተራኪ፦ ጎንኩር አንድን ደራሲ ሁለት ጊዜ አይሸልምም። በ1975 “ገና ከፊት ያለው ሕይወት” የተሰኘው ልብ ወለድ ሲሸለም፣ ደራሲው ኤሚል አዣር የሚባል እንግዳ ሰው ነበር። አዣር ነኝ ብሎ ጋዜጠኞች ፊት የቀረበው የጋሪ የሥጋ ዘመድ፣ ፖል ፓቭሎቪች ነው። ጋሪን ያረጀ፣ ያበቃለት ሲሉት የነበሩት ሐያስያን፣ እሱ መሆኑን ሳያውቁ አዲስ ደራሲ ብለው አነሡት። አዣር የሚለውም ስም ፍም የሚል የሩሲያኛ ቃል ያስታውሳል። የሚነደውም ፍሙም አንድ ሰው ነበር።

ዲሴምበር 2 ቀን 1980 ጋሪ ፓሪስ ውስጥ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። በቀጣዩ ዓመት አዣር ራሱ እንደነበር የሚናዘዝበት ጽሑፍ ታተመ።

ሞቶ ደብዳቤ መላክን ለእናቱ የሰጣት በልብ ወለድ ነበር። እሱ በእውን ፈጸመው። በእሷ ደብዳቤዎች ላይ ቀን አልነበረም። በእሱ ኑዛዜ ላይ ግን አለ፤ ማርች 21 ቀን 1979።