ሱሺ ጥሬ ዓሣ ማለት አይደለም



«አክስቴ፣ ሱሺ መሥራት እንማር» አለችኝ የእህቴ ልጅ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ላፍቶ ወደሚገኘው ቤታችን ትመጣለች። የክፍል ጓደኞቿ ተሰብስበው ሱሺ ሊበሉ ሲሄዱ እርሷ ከቤት ቀርታ ኖሯል። እናቷ «ጥሬ ዓሣ! አዑዙ ቢላህ!» ብላ ነገሩን በአጭሩ ዘግታዋለች። ልጅቷ እናቷን አልተቃወመችም፤ ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ አኩርፋ ሰነበተች።

ልጆቻችን «ለምን አይሆንም?» ብለው ሲጠይቁን «አይሆንም ብያለሁ» ከማለት የተሻለ መልስ ይገባቸዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ምክንያቱን እኛ ታላላቆቹም በቅጡ አናውቀውም ነበር። ስለዚህ አብረን ልናጣራ ተነሣን።

ለመሆኑ ሱሺ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ሱሺ የጥሬ ዓሣ ስም ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጃፓኖች ሱሺ የሚሉት በኮምጣጤ፣ በስኳርና በጨው ተቀምሞ የሚዘጋጀውን የሩዝ ምግብ ነው። ጥሬ ዓሣ ተቆራርጦ ያለ ሩዝ ብቻውን ሲቀርብ ስሙ ሳሺሚ ነው። ጃፓኖች ራሳቸው ኪያር ብቻ የተጠቀለለበት «ካፓማኪ»፣ እንዲሁም በስስ የእንቁላል ጥብስ የተሸፈነ «ቻኪንዙሺ» የሚባሉ ሱሺዎች አሏቸው። እንግዲያው ጥሬ ዓሣውን የተወ ሰው ሱሺውን አላጎደለም።

ጥሬውን ለምን ተውነው?

ዓሣ ሐላል ነው፤ እንደ በግና እንደ ፍየል መታረድም አያስፈልገውም። እናቲቱን ያስደነገጣት ነገር በመሠረቱ የጤና ጉዳይ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ የአገራችን ሰው ኮሶን ያውቃል፤ ዓሣም የራሱ ትሎች አሉት። አዲስ አበባ ገበያ ላይ የምናገኘው ቆሮሶና አምባዛ በአብዛኛው የሚመጣው እንደ ዝዋይ፣ ጫሞና ጣና ካሉት ሐይቆቻችን ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሦች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ወደ ሰው ሊተላለፉ የሚችሉ የትል እጮችን አግኝተዋል። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጥሬ ዓሣ በሚያቃጥል ማባያ የሚበሉ መኖራቸው የታወቀ ነው፤ ቃሪያና ሚጥሚጣ ግን ትል አይገድሉም።

በአሜሪካ የምግብ ተቆጣጣሪዎች መመሪያ መሠረት፣ በጥሬው የሚበላ ዓሣ ትሉ እንዲሞት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀናት መቆየት አለበት። መብራት በሚጠፋበት ቤት ይህን ማን ሊያረጋግጥ ይችላል? ዓሣው ሥጋው ነጭ ሆኖ በሹካ ሲነካ እስኪፈረካከስ ቢበስል ግን ስጋቱ ያበቃል።

ዓይን የማያየው

እኛን ያስገረመን ሌላ ነው። ሁላችንም ጥሬውን ዓሣ ስንፈራ፣ ልንጠይቅ የሚገባንን ሳንጠይቅ ቀርተናል። በጃፓን ወጥ ቤት «ሚሪን» የሚባል ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ ለማጣፈጫ ይገባል፤ እውነተኛው ሚሪን 14 በመቶ ገደማ አልኮል አለበት። «ሳኬ»ም የሩዝ መጠጥ ነው። እነዚህ ሩዙ ውስጥ ወይም ማጥቀሻው ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። በአንዳንድ የሶያ ሶስ ጠርሙሶች ላይም አልኮል እንደተጨመረ ተጽፎ ይገኛል።

«የሸርጣን ሥጋ» ተብሎ የሚሸጠው ቀይና ነጭ ዱላ ብዙ ጊዜ ከተፈጨ ዓሣ የሚሠራ ሲሆን፣ አንዳንዱ ሚሪን አለበት። እውነተኛ ሸርጣን ከሆነ ደግሞ የሐነፊ መዝሀብ ከውሃ እንስሳት የሚፈቅደው ዓሣን ብቻ ነውና መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ አትክልት ብቻ ያለበት ሱሺም ቢሆን «ምን ገባበት?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ኮምጣጤው ግን አያሳስብ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኮምጣጤን ለማባያነት ማመስገናቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል።

ወደ ምድጃው

የመጀመሪያው ሩዛችን ተበላሸ። መመሪያው እንደሚለው በትንሽ ውሃ ለ12 ደቂቃ ቀቀልነው፤ ውስጡ ጥሬ ሆኖ ቀረ። ምክንያቱን በኋላ ደረስንበት፤ መመሪያው የተጻፈው በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ተጨማሪ ውሃና ጊዜ ያስፈልጋል። ሁለተኛው እንዲህ ተሳካ፦

ሩዝ፦ ረጅሙ ሩዝ አይጣበቅምና አጭርና ድቡልቡል ፍሬ ያለውን ይምረጡ። 2 ብርጭቆ ሩዝ ውሃው እስኪጠራ ማጠብ፣ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ማጥለል። በ2 ብርጭቆ ተኩል ውሃ ማፍላት፣ ከዚያ ከድኖ በዝግታ እሳት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ማብሰል፤ ሳይከፍቱ 10 ደቂቃ ማቆየት።

ቅመም፦ 3 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ በትኩሱ ሩዝ ላይ ማፍሰስ። ሳይደፈጥጡ በእንጨት ማንኪያ ማገላበጥና ማቀዝቀዝ።

መጠቅለያ፦ ኖሪ የሚባለው የባሕር ቅጠል ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘ ወይም ከተወደደ በስሱ የተጠበሰ እንቁላል ይተካዋል።

መሐሉ፦ አቮካዶ፣ ኪያር፣ ካሮት፣ እንዲሁም የቆርቆሮ ቱና ወይም በደንብ የበሰለ ዓሣ።

አጠቃለል፦ በንጹሕ ፎጣ ላይ የምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ዘርግቶ እንቁላሉን ማንጠፍ፤ ሩዙን በእርጥብ እጅ በስሱ መደልደል፤ ጫፉን ሁለት ጣት ያህል ባዶ መተው። መሐሉን በአንድ መሥመር ደርድሮ በፎጣው እየደገፉ እንደ እንጀራ አጥብቆ መጠቅለል። በእርጥብ ቢላዋ መቁረጥና በዕለቱ መብላት፤ የበሰለ ሩዝ ሳይቀዘቅዝ ከቆየ ሆድ ያውካል።

ከመግሪብ በኋላ እናቷ መጣች። ሳህኑን አየችና «ጥሬ ነገር አለበት?» አለች። ልጅቷ በኩርፊያ አልመለሰችም። ሩዙን፣ እንቁላሉን፣ ቱናውን፣ የጠርሙሱን ጽሑፍ ሳይቀር አንድ በአንድ አስረዳቻት። እናቷ «ቢስሚላህ» ብላ አንዱን አነሣች፣ ሁለተኛውንም ደገመች። ከዚያም «በሚቀጥለው ቅዳሜ ጓደኞችሽን እኛ ቤት ጥሪያቸው» አለቻት።

ውድ ወላጆች! ልጆቻችን አዲስ ነገር ባሰኛቸው ቁጥር በሩን ከመዝጋታችን በፊት አብረናቸው እንመርምር። ጠይቆ መብላትን እኛ ዘንድ የተማረ ልጅ እኛ በሌለንበትም ይጠይቃል። አላህ ማዕዳችንን ሐላልና በረካ ያለበት ያድርግልን። አሚን።