አንድ የደም ምርመራ የሴፕሲስ ታማሚን ዕጣ ይወስናል? ተረትና እውነታ

ሴፕሲስ ሰውነት ኢንፌክሽንን ሲዋጋ ምላሹ ከቁጥጥር ወጥቶ የራሱን ሳንባ፣ ኩላሊትና ልብ የሚጎዳበት አስጊ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ብቻ በዓለም ዙሪያ ወደ 49 ሚሊዮን ሰዎች እንደታመሙበትና 11 ሚሊዮን እንደሞቱ ተገምቷል። ሐኪሞች የሕመሙን አካሄድ ለመገመት ከሚለኳቸው የደም ፕሮቲኖች ዋነኞቹ ፕሮካልሲቶኒንና ሲአርፒ ናቸው። ስለ ውጤታቸው የሚነገሩ አንዳንድ እምነቶች ግን ቤተሰብን ያለ ምክንያት ተስፋ ያስቆርጣሉ፤ ወይም ያዘናጋሉ።

ተረት፦ ቁጥሩ በጣም ከፍ ካለ ታማሚው አይተርፍም።

እውነታ፦ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው ፕሮካልሲቶኒን በሚሊሊትር ከ0.1 ናኖግራም በታች ነው፤ በከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ከ100 ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ አሻቅቦባቸው የዳኑ አሉ። ከመጀመሪያው ቀን ቁጥር ይልቅ የሚናገረው አቅጣጫው ነው። ሕክምናው ከሠራ ፕሮካልሲቶኒን በየቀኑ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ እስከ አራተኛው ቀን ከ80 በመቶ በላይ ካልወረደላቸው ታማሚዎች በ28 ቀን ውስጥ 20 በመቶ ያህሉ መሞታቸውን፣ ከወረደላቸው ደግሞ 10 በመቶ ያህሉ መሞታቸውን አሳይቷል። ልዩነቱ እጥፍ ነው። ሆኖም ቁጥሩ ካልወረደላቸውም መካከል ከአምስቱ አራቱ በሕይወት ነበሩ።

ተረት፦ ቁጥሩ ዝቅ ካለ ስጋት የለም።

እውነታ፦ ፕሮቲኖቹ ለመጨመር ሰዓታት ይፈልጋሉ፤ ሲአርፒ ጣሪያው ላይ ለመድረስ ሁለት ቀን ገደማ ይወስድበታል። በዚያ ላይ ሲአርፒን የሚያመርተው ጉበት ስለሆነ፣ ጉበቱ ክፉኛ በተጎዳ ሰው ላይ የሚጠበቀውን ያህል ላይጨምር ይችላል። ትንፋሹ የፈጠነ፣ ንግግሩ የተምታታ፣ ሽንቱ የቀነሰ ሰው የላቦራቶሪ ወረቀቱ ምንም ቢል አደጋ ላይ ነው።

ተረት፦ ፕሮካልሲቶኒን ከጨመረ ምክንያቱ የግድ ባክቴሪያ ነው።

እውነታ፦ ትልቅ ቀዶ ሕክምና፣ ቃጠሎና ከባድ አደጋም ያስጨምሩታል። ከባድ ወባም እንዲሁ፤ ስለዚህ ወባ በሚገኝባቸው የአገራችን ቆላማ ቦታዎች የወባ ምርመራ መዘለል የለበትም።

ተረት፦ ውጤቱ ሳይመጣ አንቲባዮቲክ መጀመር አይገባም።

እውነታ፦ ይህ ከሁሉም አደገኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ ሕክምና መመሪያ፣ መድኃኒት ለመጀመር ፕሮካልሲቶኒንን መጠበቅን አይመክርም። የደም ግፊቱ ለወደቀ የሴፕሲስ ታማሚ አንቲባዮቲኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። ምርመራው ይበልጥ የሚጠቅመው መድኃኒቱን ለማቆም ሲታሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኔዘርላንድስ የፅኑ ሕሙማን ክፍሎች የተደረገ ጥናት፣ ፕሮካልሲቶኒንን እያዩ መወሰን አንቲባዮቲክ የሚሰጥበትን ጊዜ ከሰባት ቀን ወደ አምስት እንዳሳጠረ፣ የሟቾችንም ቁጥር እንዳልጨመረ አሳይቷል።

ተመራማሪዎች እስካሁን ከ250 በላይ ጠቋሚዎችን ፈትሸዋል፤ ብቻውን የታማሚን መጨረሻ የሚናገር ግን አልተገኘም። ስለዚህ ሐኪሙን «ቁጥሩ ስንት ነው?» ብለው ብቻ አይመለሱ። «ከትናንት ወዲህ ቀንሷል? ግፊቱስ? ሽንቱስ? የኢንፌክሽኑ ምንጭ ተገኝቷል?» ብለው ይጠይቁ። ታማሚው ያለበትን ሁኔታ የሚያሳዩት እነዚህ መልሶች አንድ ላይ ሲታዩ ነው።