በዩሪያ ከረጢት ላይ ያለው 46 ምንድን ነው?

ዩሪያ ስንገዛ ከረጢቱ ላይ 46 የሚል ቁጥር እናያለን። ፊደልና አኃዝ ከለየን ወዲህ ቁጥሩን ማንበብ አያቅተንም። ግን 46 ምን? ኪሎው ነው እንዳንል ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው። ዋጋውም አይደለም።

ቁጥሩ የሚነግረን ከመቶው 46ቱ እጅ ናይትሮጅን መሆኑን ነው። ናይትሮጅን ቅጠልን የሚያለመልም፣ ሰብልን የሚያሳድግ ንጥረ ነገር ነው። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። በ50 ኪሎው ከረጢት ውስጥ ደግሞ የዚህ ግማሽ፣ ማለት 23 ኪሎ ይገኛል። በግ ሸጠን ገንዘብ የምናወጣው ለዚህ 23 ኪሎ ነው።

ታዲያ ሌላው ምንድን ነው? አሸዋ ተቀላቅሎበት ነው እንዴ? አይደለም። ማንኛውም ነገር አቶም ከሚባሉ፣ በዓይን ከማይታዩ ደቃቅ ነገሮች የተሠራ ነው። አቶሞች እንደ እህል ዘር ዓይነታቸው ብዙ ነው፤ ክብደታቸውም ይለያያል። ከሁሉ ቀላሉ ሃይድሮጅን ነው። የእሱን ክብደት 1 ብንል የካርቦን 12፣ የናይትሮጅን 14፣ የኦክስጅን 16 ይሆናል። ዩሪያ የሚሠራው ሁልጊዜ 1 ካርቦን፣ 1 ኦክስጅን፣ 2 ናይትሮጅንና 4 ሃይድሮጅን ሲያያዙ ነው። እስቲ እንደምር፦

ካርቦን 12
ኦክስጅን 16
ናይትሮጅን 14 ሲባዛ በ2፣ 28
ሃይድሮጅን 1 ሲባዛ በ4፣ 4
ድምር 60

ከ60ው 28ቱ ናይትሮጅን ነው። ከመቶው ስንት እንደሚሆን ለማወቅ 28ን በ100 እናባዛለን፤ 2800 ይሆናል። ይህን ለ60 ስናካፍል 46 ደርሶ ትንሽ ይተርፋል። ቁጥሩ የመጣው ከዚህ ነው። የቀሩት ሦስቱ ናይትሮጅኑን አስረው የያዙ ናቸው። ናይትሮጅን ብቻውን አየር ስለሆነ በከረጢት አይታሰርም። ከምንተነፍሰው አየር እንኳ ከመቶው 78 ያህሉ እሱ ነው፤ ጤፍና ስንዴ ግን እንዲሁ ከአየር ሊወስዱት አይችሉም። (ይኸው ዩሪያ በከብት ሽንትም ውስጥ አለ። ሰው በእጁ ሊሠራው እንደሚችል ያሳየው ፍሬድሪክ ቮለር የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን፣ ጊዜውም በፈረንጆች አቆጣጠር 1828 ነበር።)

ይህን ስሌት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በኬሚስትሪ ይማረዋል። እኛም የተማርነው እዚያ ነው። ማዳበሪያ የሚገዛው ግን ተማሪው ሳይሆን ገበሬው ነው።

ወደ ማሳው እንሂድ። የግብርና ባለሙያው ለአንድ ጥማድ ጤፍ 10 ኪሎ ናይትሮጅን ይበቃል አለን እንበል። መጠኑ እንደ አፈሩ ስለሚለያይ ይህ ለምሳሌ ብቻ ነው። ስንዘራ 25 ኪሎ ዳፕ ጨምረናል። በዳፕም ውስጥ ከመቶው 18ቱ ናይትሮጅን ነው። 25 በ18 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል 4 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ከ10 ላይ ይህን ብንቀንስ 5 ኪሎ ተኩል ይቀረናል። አምስት ተኩልን በ100 አባዝተን ለ46 ስናካፍል 12 ኪሎ ያህል ዩሪያ ይበቃል ማለት ነው። እንደ ልማድ ግማሽ ከረጢት ብንበትን ናይትሮጅኑ በጠቅላላው 16 ኪሎ ይደርሳል። ጤፉ ያለ ልክ ይለመልምና ይጋሸባል፤ ገንዘቡም ጤፉም ሄደ ማለት ነው።

ጎረቤታሞችም ሲካፈሉ «አንተ ዳፑን ውሰድ፣ እኔ ዩሪያውን» ይባባላሉ። ከረጢቶቹ እኩል 50 ኪሎ ቢሆኑም ለአንዱ 23፣ ለሌላው 9 ኪሎ ናይትሮጅን ነው የደረሰው። ዳፑን የወሰደው በፈንታው ለሥር የሚጠቅመውን ፎስፎረስ አግኝቷል፤ የሌላው ማሳ ግን ያንን አላገኘም። ሁለቱንም ከረጢት ከፍቶ እኩል መካፈል ይሻላል።

በጣሳ ስንሰፍር ደግሞ እንጠንቀቅ። ዩሪያ ከዳፕ ቀለል ስለሚል ጣሳ ለጣሳ እኩል አይመዝኑም። ስለዚህ ጣሳችን ስንት ኪሎ ዩሪያ እንደሚይዝ አንድ ጊዜ በሚዛን እንመዝን። ግማሽ ኪሎ የሚይዝ ከሆነ 12 ኪሎው 24 ጣሳ ይሆናል።