“ጃጅተዋል” ብሎ ከማለፍ በፊት፦ በሳንጃ ቆላ የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን መንከባከብ

ጥቅምት በታች አርማጭሆ ወረዳ ቤት ባዶ የሚኾንበት ወር ነው። የደረሰ ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬ መያዣው ደርቆ ከተከፈተ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይረግፋልና ጉልበት ያለው ሁሉ ወደ ማሳ ይወርዳል። በሳንጃ ከተማም ኾነ በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ከቤት የሚቀሩት ሕጻናትና አረጋውያን ናቸው። ከአረጋውያኑ መካከል ቀኑን የማያውቁ፣ ልጃቸውን በሟች ወንድማቸው ስም የሚጠሩ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ወደለቀቁት ማሳ “ልሂድ” ብለው ዱላቸውን የሚያነሡ አሉ። ጎረቤት “ጃጅተዋል” ብሎ ያልፋል።

ይህ አንድ ቃል እጅግ የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል፤ አንዳንዱ ሕመም ለዓመታት የሚዘልቅ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ በዚያው ቀን ካልታከመ ሰው ይገድላል።

በዕድሜ የገፋ ሰው ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ ሊረሳ ይችላል፤ ቆይቶ ግን ያስታውሰዋል። የመርሳት ሕመም የያዘው ሰው ቁልፉ ለምን እንደሚያገለግል ይጠፋበታል። ዕድሜዋን ሙሉ ወጥ የሠራች እናት በርበሬው ከሽንኩርቱ ይቅደም ይከተል ግራ ይገባታል። ሰሊጥ ሲሸጥ የኖረ ገበሬ የተሰጠውን ብር ቆጥሮ መልስ መቀበል ያቅተዋል። የጠዋቱን ቁርስ የረሳ አባት የልጅነቱን በሬዎች ስም ግን አንድ በአንድ ይጠራል። የቅርቡ ትዝታ ቀድሞ ይጠፋል፣ የጥንቱ ይዘገያል፤ “ሲፈልጉ ያስታውሳሉ፣ ሲፈልጉ ይረሳሉ” የሚለው የቤተሰብ ወቀሳ የሚመጣው ይህን ካለማወቅ ነው።

የሕክምናው ዓለም ሕመሙን ዲሜንሺያ ይለዋል። ስሙ የአንድ በሽታ ሳይኾን በተለያዩ የአንጎል በሽታዎች ምክንያት የማስታወስ፣ የማሰብና ራስን የማስተዳደር ችሎታ እየተዳከመ የሚሄድበት ሁኔታ መጠሪያ ነው። ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚኾነው አልዛይመር በተባለው በሽታ ይመጣል፤ ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1906 ለሙያ ባልደረቦቹ ያቀረበው ነው። እርሱ የመረመራት ሴት ሆስፒታል ስትገባ ገና 51 ዓመቷ ነበር። በደም ግፊት ሳቢያ የአንጎል ደም ሥሮች ሲጎዱ የሚመጣውም ዓይነት ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ እንደነበር ይገልጻል፤ ከእነዚህ ከ60 በመቶ በላይ የሚኾኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገራት ነው ያሉት። የሀብታም ሀገር በሽታ ነው የሚለው አስተሳሰብ ስለዚህ ስሕተት ነው።

በቆላው ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን “መቼ ጀመራቸው?” የሚለው ነው።

የመርሳት ሕመም በወራትና በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይመጣል። ትናንት ማታ ደኅና አምሽተው ዛሬ ጠዋት መዘባረቅ የጀመሩ፣ የሌለ ሰው የሚታያቸው፣ ቀን አንቀላፍተው ሌሊት የሚነሡ፣ አንዴ ነቅተው አንዴ የሚፈዝዙ አረጋዊ ግን “መጃጀታቸው ባሰ” ተብሎ የሚታለፉ አይደሉም። ይህ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ የሚከሰት አጣዳፊ የአእምሮ መዛባት ነው። ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ከአንጎል ውጪ ይገኛል፦ ወባ፣ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የፈሳሽ እጥረት፣ የስኳር መጠን መውረድ፣ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት።

የሳንጃ አካባቢ ለዚህ የተመቸ ነው። ወባ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል፤ ያ ወቅት ደግሞ ቤተሰብ ማሳ የሚውልበት የአጨዳ ሰሞን ነው። አረጋውያን በወባም ኾነ በሌላ ኢንፌክሽን ሲያዙ እንደ ወጣት ትኩሳታቸው ላይነድ ይችላል፤ የመጀመሪያው ምልክት መዘባረቅ ሊኾን ይችላል። ሰው ሲያረጅ የውኃ ጥም ስሜቱም ይቀንሳል፤ በቆላው ሙቀት ሰውነታቸው ደርቆ እንኳ “አልጠማኝም” ይላሉ። ወድቀው ራሳቸውን የተመቱ አረጋዊ ደግሞ ደም በራስ ቅላቸው ውስጥ ቀስ እያለ ሊጠራቀምና ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ሊታይ ይችላል።

አስቸጋሪው ነገር ይህ ድንገተኛ መዛባት ይበልጥ የሚያጠቃው ቀድሞውንም የመርሳት ሕመም ያለባቸውን መኾኑ ነው። ቤተሰቡ መርሳታቸውን ስለለመደው አዲሱን ለውጥ ከአሮጌው አይለይም። መለያው ቀላል ነው፦ ከባለፈው ሳምንት ወይም ከትናንት የተለየ ነገር ካለ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል ወይም የአንደበት መያያዝ ከታየ ደግሞ ሰዓት መቁጠር ያሻል፤ የአንጎል ደም ሥር አደጋ ምልክት ነውና።

ቀስ ብሎ የመጣውም ቢኾን ምርመራ ይገባዋል። የጤና ኬላ፣ የጤና ጣቢያ፣ የሳንጃ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ሲያስፈልግም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በቅደም ተከተል አሉ። አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም፤ ያሉት መድኃኒቶች በአንዳንዱ ሰው ላይ ምልክቶቹን ለጊዜው ያቀልላሉ። ነገር ግን የመርሳት ሕመም መስለው የሚታዩና የሚታከሙ ችግሮች አሉ። ድብርት፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የቂጥኝና የኤች አይ ቪ ጉዳት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ጆሮ መስማት ሲያቆም ወይም ዓይን በሞራ ሲጋረድም ሰው የረሳ ይመስላል። ለሐኪሙ ከሁሉ የሚጠቅመው መረጃ መቼ እንደጀመረ፣ ምን ምን መሥራት እንዳቃታቸውና ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ በቅርብ የሚያውቅ ሰው የሚሰጠው ነው። ስለዚህ ታማሚውን ማድረስ ያለበት የሚንከባከበው ሰው እንጂ በዕለቱ ሥራ የፈታው አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው የቤት ነው።

ውኃ “ይጠጣሉ?” ተብሎ ከሚጠየቅ ሁልጊዜ በለመዱት ኩባያ በትንሽ በትንሹ ቢሰጥ ይሻላል። እንጀራው በትንንሹ ተቆርሶ ይቀርባል። ጉርሻም አነስ ማለት አለበት፤ ሕመሙ ሲገፋ መዋጥ ስለሚያዳግት ትልቅ ጉርሻ ሊያንቅ ይችላል። ቀና ብለው ተቀምጠው መብላታቸውና የመጀመሪያውን ሳይውጡ ሌላ አለመጨመሩም እንዲሁ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከኾነ ምግብ ሳይቀምሱ እንዳይውሉ፣ የጾምን ነገር ከጤና ባለሙያና ከሃይማኖት አባት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ንግግር አጭር፣ ፊት ለፊትና አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ሲኾን ይገባቸዋል። ክርክር አይጠቅምም። አንዲት አረጋዊት “እናቴ የት ሄደች?” ብለው ሲጠይቁ “ከሞቱ 40 ዓመት አለፋቸው እኮ እማየ” ማለት እውነት ቢኾንም በየቀኑ አዲስ መርዶ ማርዳት ነው። “እናትዎ ናፈቁዎት? እስቲ ስለ እርሳቸው ያጫውቱኝ” ማለት ይቀልላል። “ገንዘቤን ሰረቅሽኝ” የሚለው ክስም የተለመደ የሕመሙ ምልክት ነው፤ ራሳቸው ደብቀው የረሱትን ሌላ ሰው የወሰደው ይመስላቸዋል። ክሱ የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ ቀን ከሌት በምታገለግለው ምራት ላይ መኾኑ ደግሞ ነገሩን ያመርረዋል። አብሮ መፈለግ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ነገር መውሰድ ከመሟገት ይሻላል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ መረበሽ ከጨመረ መብራቱን ቀደም አድርጎ ማብራት፣ ቡናውን በለመዱት ሰዓት ማፍላት፣ የሚወዱትን መዝሙር ወይም ሽለላ ማሰማት ያረጋጋል። ዜማ ከብዙ ትዝታ በኋላ የሚቀር ነው።

ገላ መታጠብ ብዙዎችን ያስፈራል። በአንድ ጊዜ ውኃ ከማፍሰስ ይልቅ ሌላው አካል ተሸፍኖ በየተራ ቢታጠብ፣ አባትን ወንድ ልጅ፣ እናትን ሴት ልጅ ብትረዳ ክብራቸውም ይጠበቃል።

የቆላ ገበሬ ቤት በሌላ ቦታ በተጻፉ የእንክብካቤ መመሪያዎች የማይነሡ አደጋዎች አሉት። የመጀመሪያው ሃይላንድ ነው። ቱፎርዲና ሌሎች ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ኬሚካሎች በውኃ ፕላስቲክ ተቀንሰው ጥግ ላይ ይቀመጣሉ። ለማንም አደገኛ የኾነው ይህ ልማድ ማንበብና መለየት ለተሳነው ሰው ሞት ነው። ኬሚካል ከመጣበት ዕቃ መውጣት የለበትም፤ ቦታውም ከመኖሪያ ቤት ውጪ ቁልፍ ያለው መኾን አለበት። ሁለተኛው መሣሪያ ነው። በአርማጭሆ ጠመንጃ የቤት ዕቃ ያህል የተለመደ ነው፤ አባት የገዛ የልጅ ልጃቸውን ሌባ አድርገው የሚያዩበት ሌሊት ሊመጣ እንደሚችል ግን ማሰብ ይገባል። ክብራቸውን ሳይነኩ ጥይቱን ለይቶ፣ መሣሪያውንም ከቤት አውጥቶ ለሚታመን ዘመድ መስጠት የሚሻለው ሕመሙ ሳይገፋ ነው። ምድጃ፣ ያልተከደነ ጉድጓድና የሳንጃ ወንዝም አሉ።

ወጥተው እንዳይጠፉ ብሎ እጅና እግር ማሰር መፍትሔ አይደለም። የታሰረ ሰው ይበልጥ ይረበሻል፣ ጉልበቱ ይዝላል፣ ቆዳው ይቆስላል። የሚያደነዝዝ መድኃኒትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም፤ በእነዚህ ታማሚዎች ላይ ለአንጎል ደም ሥር አደጋና ለሞት ያጋልጣል። በር ላይ ቃጭል ማንጠልጠል፣ በጠዋት ብርድ አብሮ መራመድ፣ ስልክ ቁጥር በጨርቅ ጽፎ በልብሳቸው ላይ መስፋት፣ ለጎረቤትና ለዕድር አባላት በግልጽ መናገር ይጠቅማል። ጸበል የሚወስድ ቤተሰብም ሕክምናውን ሳያቋርጥ መውሰድ ይችላል።

አልጋ ላይ የዋሉ ታማሚዎችን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥና ከሥራቸው ያለውን ጨርቅ ደረቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ተረከዝ፣ ዳሌና ጀርባ ላይ የማይለቅ መቅላት ወይም መጥቆር ከታየ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው።

ሌላው ጉዳይ መሬት ነው። የመርሳት ሕመም ያለባቸው ባለይዞታ በኪራይ ውል ላይ አሻራ ሲያደርጉ ያደረጉትን ላያስታውሱ ይችላሉ፤ የወንድማማች ክርክርም ከዚህ ይነሣል። ሕመሙ ገና ሲጀምር ፈቃዳቸውን በምስክር ፊት በጽሑፍ ማስፈር ይቻላል። ራሳቸውን ማስተዳደር ካልቻሉ በኋላ ደግሞ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍርድ ቤት ሞግዚት የሚሾምበትን መንገድ ያስቀምጣል።

እንክብካቤው በማን ትከሻ ላይ እንደወደቀ ማየት አያዳግትም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሰዎች ከሚሰጠው የእንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶ የሚኾነውን የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው። በሳንጃ ቤት ያቺ ሴት ምግብ ለሠራተኛ ታደርሳለች፣ ልጅ ታሳድጋለች፣ ሌሊት ከአማቷ ጋር ትነሣለች። እንቅልፍ ያጣ ተንከባካቢ ይታመማል፣ ይቆጣል፤ አንዳንዴም እጁን ያነሣል። በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን እንኳ ሌላ ሰው ቢተካት ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቤተሰቡ ለአጨዳው የሰው ኃይል ሲያሰላ ቤት የሚውለውን ሰው አብሮ መቁጠርና ወንዶቹንም በተራው ማስገባት አለበት። ተራው ሠራተኛ ከመቀጠሩ አስቀድሞ፣ በነሐሴ ቢያዝ ይሻላል፤ አጨዳው አንዴ ከተጀመረ ከማሳ የሚመለስ ሰው አይገኝም።