የመኪናው ካርታና የስልኩ ካርታ

መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው ከደላላው አንደበት አስቀድሞ የሚሰማው «ፉል ኦፕሽን ናት» የሚለውን ምስክርነት ነው። በዚህ ምስክርነት ውስጥ ከቆዳው ወንበርና ከኋላው ካሜራ ጋር በዳሽቦርዱ መካከል የተተከለው ሰፊ ስክሪንና በውስጡ ያለው የመንገድ ካርታ አብሮ ይቆጠራል፤ ዋጋውም ለብቻው ሳይነገር ከመኪናው ዋጋ ጋር ተዋሕዶ ይከፈላል። ተለይቶ ያልተነገረ ዋጋ ገዢው ሊመረምረው የማይችለው ዋጋ ስለ ሆነ፣ የዛሬው ሐተታችን ይህን ዋጋ ከመኪናው ነጥሎ በአዲስ አበባዋ የጉለሌ ክፍለ ከተማ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ምን ያህል አገልግሎት እንደሚያስገኝ ይመዝናል።

አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። መኪናውም ሆነ ስልኩ የቆመበትን ስፍራ የሚያውቀው ከምድር በላይ 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች በሚቀበለው ምልክት ነው። ጂፒኤስ የተባለውን ይህን ሥርዓት ለጦር ሠራዊቱ ያቋቋመው የአሜሪካ መንግሥት፣ ለሲቪሉ ሆን ብሎ ያደበዝዘው የነበረውን ምልክት እ.ኤ.አ. በ2000 አጥርቶ ስለ ለቀቀው፣ ዛሬ ለባለጠጋውም ለድኻውም ያለ ክፍያና ያለ ኢንተርኔት እኩል የሚደርስ ጸጋ ሆኗል። ዋጋ የሚጠይቀው ካርታው ነው፤ ከካርታውም ይልቅ ካርታውን ዕለት ዕለት ማደስ ነው። ኖክያ እ.ኤ.አ. በ2007 ናቭቴክ የተባለውን የካርታ ኩባንያ በ8.1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት የተስማማው ይህን ሀብት ፈልጎ ነበር። ዳሩ ግን ጎግል እ.ኤ.አ. በ2009 መንገድ የሚመራውን ካርታ በስልክ ላይ በነጻ ባወጣ ጊዜ የጂፒኤስ መሣሪያ ሠሪዎቹ የጋርሚንና የቶምቶም አክሲዮን ዋጋ ክፉኛ አሽቆለቆለ፤ ኖክያም እ.ኤ.አ. በ2015 የካርታ ሥራውን ለአውዲ፣ ለቢኤምደብሊውና ለዳይምለር በ2.8 ቢሊዮን ዩሮ ለመሸጥ ተስማማ። አንድ ጊዜ የተሠራን ካርታ ለሌላ ሚሊዮን ሰው ማዳረስ ወጪው ከቁጥር የማይገባ ስለ ሆነ፣ ገቢውን ከማስታወቂያ የሚያገኝ ድርጅት ካርታውን በዋጋ ከሚሸጥ ድርጅት ጋር ሲወዳደር ውጤቱ ከዚህ የተለየ ሊሆን አይችልም ነበር።

በመስታወት ላይ የሚለጠፈው ተንቀሳቃሽ ጂፒኤስ በዚህ ውድድር መካከል ተፈጭቶ ቀረ። በእጅ የሚያዘው ዓይነት ኔትወርክ በማይደርስበት ቆላና በረሓ ለሚሠሩ ቀያሾች ዛሬም ይጠቅማል፤ ለከተማ ነጂ ግን ዘመኑ አልፎበታል።

ከመኪናው ጋር የተገጠመው ካርታ የራሱ ብልጫ እንዳለው አልክድም፤ ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ ባትሪ አይጨርስም፣ ሳተላይቱ በተሰወረበት ቦታ ደግሞ ከጎማው ዙረት ርቀቱን እያሰላ መምራቱን ሊቀጥል ይችላል። ችግሩ ካርታው ለእኛ አለመሠራቱ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ለቻይና የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ ኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት ገብተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ስክሪናቸው በቻይንኛ ፊደል የተሞላ፣ ካርታቸውም የቻይናን ከተሞች እንጂ ሽሮ ሜዳን የማያውቅ ነው። ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ የሚቀይሩ ባለሙያዎች አልጠፉም፤ ቋንቋው ሲቀየር ግን ካርታው አይቀየርም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በመጡት ያገለገሉ መኪኖች ውስጥ ያለውም ቢሆን፣ ማሳደስ በሚቻልበት ጊዜ እንኳ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ብርም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲተመን ከተፈቀደ ወዲህ ይህ ክፍያ ለብዙው ባለመኪና የማይሞከር ሆኗል። ስለዚህ ለተገጠመ ካርታ ተብሎ የሚጨመር ዋጋ፣ ገዢው በግልጽ ሊከራከርበትና ሊያስቀንሰው የሚገባ ነው።

ስልኩ አሸነፈ ማለት ግን ስልኩ ሁሉን ያውቃል ማለት አይደለም። ከፓስተር ተነሥቶ ወደ ቀጨኔ መድኃኔዓለም አቅጣጫ የሚወጣን የራይድ ሾፌር እንመልከት። ስልኩ በአየር ማስወጫው ላይ ተሰክቷል፤ ከጎኑ ያለው የመኪናው ሰፊ ስክሪን ዘፈን ከማጫወት በቀር ሥራ የለውም። ካርታው ደርሰሃል ባለው ስፍራ ቢቆም በግራው የድንጋይ ግንብ፣ በቀኙ ለእግረኛ ብቻ የሚሆን ደረጃ አለ፤ ስለዚህ ይደውላል።

«እማማ፣ ሎኬሽኑ ላይ ደርሻለሁ፤ የት ነዎት?»

«ልጄ፣ አልፈኸኛል፤ ተመለስና ከወፍጮ ቤቱ ጎን ባለው ኮብልስቶን ውጣ፣ ሰማያዊው በር ጋ ቆሜያለሁ።»

በዚህ ጥሪ ውስጥ የባከነው ደቂቃ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ዳገቱን እንደ ገና ለመውጣት የነደደው ነዳጅና ያመለጠው ቀጣይ ደንበኛ በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ነገር ግን ሾፌሩ ከኪሱ ይከፍለዋል። ከዚህ በላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ የእርሱ ስልክ በየዕለቱ የሚልከው የፍጥነትና የመንገድ መረጃ የጎግልን ካርታ ያሻሽላል፤ ለዚህ ድካሙም ከነጻው ካርታ በስተቀር ሌላ ዋጋ አያገኝም። በሌላ በኩል ካርታውን በዋይፋይ አስቀድሞ ስልኩ ላይ ያወረደ ነጂ የዳታ ወጪውን ይቀንሳል፤ በሰኔ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ በቆየባቸው ሳምንታት እንኳ መንገድ ሊያሳየው የሚችል ካርታ በእጁ ነበረ።

ስልኩ የማያውቀውን ከሰማይ ማየት ይቻላል የሚል ይኖር ይሆናል፤ ከጉለሌ ራስጌ ባለው የእንጦጦ ተራራ ላይ የጠፈር ምርምር ማዕከል ተሠርቷል፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው፣ 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝነው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይትም የምድር ፎቶግራፎቿን ትልክ የነበረው ወደዚያ ነው። የአገሪቱ የካርታ ሥራና የጠፈር ሳይንሱም ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር በአንድነት ተቀምጠዋል። ሆኖም ከሰማይ የተነሣ ፎቶግራፍ መንገዱን ያሳይ እንደ ሆነ ነው እንጂ፣ መንገዱ ዛሬ ለኮሪደር ልማት ተቆፍሮ መዘጋቱን፣ በመጨረሻውም ላይ የእግረኛ ደረጃ መኖሩን አይናገርም። ይህን የሚያውቁት መንገዱን የሚያስቆፍረው መሥሪያ ቤትና የቤቶቹን ቁጥር የመዘገበው ወረዳ ናቸው። እውቀቱ በሕዝብ ገንዘብ የተገኘ ነውና፣ የሚዘጉ መንገዶች ቀንና ተለዋጭ መንገዶቻቸው፣ የቤት ቁጥሮችና የመንደር መንገዶች ማንኛውም የካርታ ሠሪ ሊወስደው በሚችል ክፍት መረጃነት ሊወጡ ይገባል፤ አንዱ ሲጠቀምበት ለሌላው አይጎድልበትምና። በጉለሌም ሥራው ከቀጨኔ ቢጀመር መልካም ነው፤ ከዋናው መንገድ እስከ ደንበኛው በር ያለው አጭር ርቀት ለሾፌሩ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በዚያ ነውና።