ልብን የሚያረጋጋው ክኒን ነርቩን ምን ያደርገዋል?

እ.ኤ.አ. በ1921 ኦስትሪያ፣ ግራዝ ከተማ ውስጥ ተመራማሪው ኦቶ ሎዊ የእንቁራሪት ልብ በጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ አስቀምጦ ቬገስ የተባለውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ቀሰቀሰው። ልቡ ዘገየ። ፈሳሹን ቀድቶ ለሌላ ልብ ሲሰጠው፣ ነርቩ ያልተነካው ይህ ልብም ዘገየ። ነርቭ ልብን የሚያዘው በኬሚካል መሆኑ በዚህ ታየ።

ልብን የሚያፈጥነው ኬሚካል ደግሞ ኖርአድሬናሊን ነው። ከሲምፓቴቲክ ነርቭ ጫፍ ይለቀቅና በልብ ጡንቻ ላይ ያሉትን ቤታ የተባሉ ተቀባዮች ይይዛል። ጄምስ ብላክ በ1960ዎቹ ለሕክምና ያበቃው ፕሮፕራኖሎል እነዚህን ተቀባዮች ቀድሞ ስለሚይዝ ትእዛዙ ጡንቻው ዘንድ አይደርስም። ነርቩስ?

መልሱ የጀመረው ከድመት ጣፊያ ነው። በ1957 ተመራማሪዎቹ ብራውንና ጊለስፒ አልፋ የተባለውን ሌላ የኖርአድሬናሊን ተቀባይ የሚዘጋ መድኃኒት ሰጥተው ነርቩን ሲቀሰቅሱ፣ ከጣፊያው በሚወጣው ደም ውስጥ ኖርአድሬናሊን በዛ። ምክንያቱ ለዓመታት አከራከረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ክላውስ ሽታርከ በጥንቸል ልብ ላይ የሠራው ምርምር ነገሩን አጠራው። ልብ ለኖርአድሬናሊን የሚመልሰው በዋናነት በቤታ ተቀባይ ሆኖ ሳለ፣ አልፋው ሲዘጋም ነርቩ የሚለቀው መጠን ጨመረ። አልፋው የተቀመጠው ነርቩ ጫፍ ላይ ነበር። ነርቩ የለቀቀውን ራሱ ይቀምሳል፤ ሲበዛበት ይቆጥባል። አልፋን የሚዘጋው መድኃኒት ይህን ልጓም ይፈታዋል።

በዚያው ጫፍ ላይ ያለው ቤታ ሁለት ተቀባይ ግን ሥራው ተቃራኒ ነው፤ ልቀቱን ያበረታታል። ስለዚህ በልብ ጡንቻ ላይ የሚበዛውን ቤታ አንድንም ቤታ ሁለትንም የሚዘጋ መድኃኒት ልቀቱን ሊቀንስ ይችላል፤ ቤታ አንድን ብቻ የሚመርጠው ሜቶፕሮሎል ይህን በር አይነካም።

ልዩነቱ ለልብ ድካም ሕመምተኛ ይጠቅማል? በ2003 በታተመው ኮሜት በተባለ ጥናት ከ3,000 በላይ ሕመምተኞች ሁለቱንም ቤታዎች የሚዘጋውን ካርቬዲሎልን ወይም ሜቶፕሮሎልን ወሰዱ። ከካርቬዲሎል ወሳጆች 34 በመቶ፣ ከሜቶፕሮሎል ወሳጆች 40 በመቶ ሞቱ። ተቺዎች ግን የሜቶፕሮሎሉ ዓይነት ተገቢ አልነበረም፣ መጠኑም አንሷል ብለው ተከራከሩ። በ1999 የወጡ ሁለት ትላልቅ ጥናቶችም ቤታ አንድን የሚመርጡ መድኃኒቶች ሞትን በሲሶ ገደማ እንደሚቀንሱ አሳይተው ነበር።

ልቀቱን በአንዴ መቁረጥ ደግሞ አደገኛ ሆኖ ተገኝቷል። በአንጎል በኩል ኖርአድሬናሊንን የሚቀንሰው ሞክሶኒዲን የልብ ድካም ባለባቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር ከመድኃኒቱ ወሳጆች 54፣ መድኃኒት አልባ ክኒን ከወሰዱት 32 ሰዎች ሞቱ፤ ጥናቱም ተቋረጠ። ዛሬ ሐኪም ለልብ ድካም ካርቬዲሎል ሲያዝ በ3.125 ሚሊግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይጀምራል፤ ሕመምተኛው ከተስማማው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆይቶ መጠኑን እጥፍ ያደርጋል።