ጠመንጃና ሕግ

በቢታ ገነትና በዙሪያዋ የምትኖሩ ገበሬዎች!

በከፋ ጫካ ዳር የሚያርስ ሰው ሥራው ማረስ ብቻ አይደለም፣ መጠበቅም ጭምር ነው። በቆሎው ሲያሸት ዝንጀሮና ከርከሮ ይመጣል። ቡናው ሲለቀም፣ ማሩ ሲቆረጥ ደግሞ ሌባ ያሰጋል። ስለዚህ አንዱ ከአባቱ የወረሰውን ምንሽር ቤቱ ያስቀምጣል። ሌላው ቡናውን ሸጦ ክላሽ ይገዛል። ነገር ግን ጠመንጃ እንደ ገጀራ ገዝተው ብቻ የሚይዙት ዕቃ አይደለም። ሕግ አለው። ሕጉን ያላወቀ ሰው ንብረቱን ሊጠብቅበት በገዛው መሣሪያ ራሱ ይታሰርበታል።

አዋጁ ምን ይላል?

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 የወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝ፣ መግዛት፣ መሸጥና ማጓጓዝ በዚህ አዋጅ ተከልክሏል። ተቆጣጣሪው የፌዴራል ፖሊስ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ! «ከአባቴ ወረስኩት» ማለት ፈቃድ አይሆንም። «ጎረቤቴም አለው» ማለትም አያድንም።

በፍጹም የማይፈቀደውስ?

አገራችን በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ከጎረቤት አገሮች ጋር አንድ ስምምነት ፈርማለች። በስምምነቱ መሠረት መትረየስ፣ ላውንቸርና ሞርታር የመሳሰሉት በሲቪል ሰው እጅ መገኘት የለባቸውም። እነዚህ የጦር ሠራዊት መሣሪያዎች ናቸው። ጠመንጃን ለብድር መያዣ አድርጎ መስጠትም እንዲከለከል ስምምነቱ ያዛል። ስለዚህ ብር የቸገረው ሰው ጠመንጃ «መያዣ ይሁንህ» ቢላችሁ አትቀበሉ። ዛሬ ውለታ የመሰለው ነገር ነገ ክስ ይሆናል።

ድምፅ ማፈኛ ምንድን ነው?

ጥይት ሲተኮስ ባሩዱ ተቃጥሎ ትኩስ ጋዝ ይሆናል። ጋዙ ከአፈሙዙ በድንገት ሲወጣ ይጮኻል። ድምፅ ማፈኛ ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚገጠም ቱቦ ነው። ውስጡ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ስለሆነ ጋዙ ቀስ ብሎና በርዶ ይወጣል። ሥራው ልክ እንደ ሞተር ብስክሌት ማርሚታ ነው። ቢሆንም ድምፁን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ከድምፅ ፈጥኖ የሚሄድ ጥይት በአየር ላይ የራሱ ጩኸት አለው።

ታዲያ ለምን ቁጥጥር ተደረገበት? በገጠር የተኩስ ድምፅ ምስክር ነው። ሌሊት ጥይት ሲጮኽ ጎረቤት ይነቃል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ የተጎዳ ይረዳል። ድምፁ ከታፈነ ግን ወንጀለኛው ተሰውሮ ያመልጣል። አሜሪካ በ1934 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ድምፅ ማፈኛን ከመትረየስ ጋር እንዲመዘገብ አድርጋለች። እንደ ፊንላንድ ባሉ አገሮች ግን አዳኞች ጆሯቸው እንዳይጎዳ ይጠቀሙበታል። የተባበሩት መንግሥታት በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፕሮቶኮል ደግሞ ድምፅ ማፈኛን ከጦር መሣሪያ ክፍሎች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ «ቱቦ ብቻ ነው» ብሎ መናቅ አይገባም።

ፈቃድ ያለው ሰውስ?

ፈቃድ ማለት እንደ ልብ መተኮስ ማለት አይደለም። የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ዝንጀሮውን ከማማ ላይ ሆኖ በጩኸትና በወንጭፍ ማባረር ይሻላል። የወንጀል ሕጉ ራስን ከጥቃት መከላከልን ይፈቅዳል። ነገር ግን መከላከያው ከአደጋው ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። በቆሎ ሰርቆ በሚሸሽ ሰው ላይ መተኮስ መከላከል ሊባል አይችልም።

ምን እናድርግ?

መሣሪያ ያላችሁ ፈቃድ ስለ ማውጣት ወረዳ ፖሊስ ጠይቁ። የጠመንጃችሁን ቁጥር በራሳችሁ እጅ ጻፉና አስቀምጡ። ጥይቱን ከጠመንጃው ለይታችሁ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ቆልፉበት። ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ በዚያው ቀን አመልክቱ። ወረቀት ሲሰጣችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ። ማንበብ የተማራችሁት ለዚህም ነው።

ተወያዩበት፦
1. ጠመንጃን በመያዣነት መቀበል ምን ጉዳት አለው?
2. የተኩስ ድምፅ ለመንደር ምን ይጠቅማል?
3. ሰብልን ያለ ጠመንጃ እንዴት ተባብረን እንጠብቅ?